የተከራዬን ልጆች በእኛ ስም ትምህርት ቤት ላስገባቸው?

የጠያቂዋ ደብዳቤ አጠር ተደርጎ እንዲህ ይላል፦

«የምኖረው አዳማ ነው። ከግቢያችን ሰርቪስ ቤቶች አንዱን ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ ለመጣች ሱዳናዊት እናት አከራይተናል። ሦስት ልጆች አሏት። ትልቁ 14 ዓመቱ ነው፤ እዚያ ሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ነው ያቋረጠው። መካከለኛዋ 9 ዓመቷ ነው፤ የጨረሰችው አንደኛ ክፍልን ብቻ ነው። ትንሹ 6 ሊሞላው ነው። ልጄ ወደምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ይዣቸው ብሄድ ‹መልቀቂያና ሪፖርት ካርድ ከሌላቸው አንቀበልም› ተባልኩ። አንዷ ጎረቤቴ ‹የእህትሽ ልጆች ናቸው በይና በባልሽ ስም አስመዝግቢያቸው› ትላለች። ሌላው ‹ስደተኛ የሚማረው ካምፕ ውስጥ ብቻ ነው› ይላል። እናትየዋ ደግሞ ‹ካናዳ መሄዳችን ስለማይቀር ቤት ሆነው እንግሊዝኛ ብቻ ይማሩ› ትለኛለች። ሁሉም ከአንደኛ ክፍል ይጀምሩ ያሉኝም አሉ። በየትኛው ቋንቋ፣ ስንተኛ ክፍል ይግቡ? እኔስ እስከ ምን ድረስ ልግባበት?»

መጀመሪያ የጎረቤትዎን ምክር ይተዉት። ልጆቹን በባለቤትዎ ስም አያስመዝግቡ። ምክሩ ከቅን ልብ እንደመጣ አልጠራጠርም። ነገ የሚያመጣው ጣጣ ግን ከዛሬው ችግር ይበልጣል። ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም ከልጁ ጋር ይኖራል። ለክልል ፈተና ሲመዘገብ የሚሞላው እሱ ነው። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ የሚታተመውም እሱ ነው። እናትየዋ በስደተኝነት ስትመዘገብ ግን ልጆቹን የምታስመዘግበው በአባታቸው ስም ነው። በሁለት ስም ያደገ ልጅ አንድ ቀን «ይህ ሰርተፊኬት የማን ነው?» መባሉ አይቀርም። ያን ጊዜ ስም ለማስተካከል ፍርድ ቤት መመላለስ ይመጣል። ቤተሰቡ ወደ ሌላ አገር የመሄድ ዕድል ቢያገኝ ደግሞ «እነዚህ ልጆች በእርግጥ የእሷ ናቸው?» የሚል ጥርጣሬ ፋይላቸው ላይ ይወድቃል። እርስዎም ሐሰተኛ ማስረጃ የሰጠ ሰው ይሆናሉ።

ደግሞም መዋሸት አያስፈልግም። ልጆቹ በገዛ ስማቸው የመማር መብት አላቸው። «ካምፕ ውስጥ ብቻ» የሚለው ስህተት ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው። ዕውቅና ያገኘ ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ በቅድመ አንደኛ ደረጃና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንደ ኢትዮጵያዊ ልጅ እንዲስተናገድ ይደነግጋል። ከዚያ በላይ ላለው፣ ማለትም ለሁለተኛ ደረጃ፣ ለቴክኒክና ሙያና ለከፍተኛ ትምህርት፣ መብቱ በአገሪቱ አቅምና በትምህርት ፖሊሲው የተወሰነ ነው። ይህን ልዩነት በደንብ ይያዙት። ለትልቁ ልጅ በኋላ ያስፈልገናል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ሊገጥምዎት ይችላል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ነው፤ 7ኛና 8ኛ «መካከለኛ ደረጃ» ሆነዋል። ስለዚህ «ሰባተኛ ክፍል አንደኛ ደረጃ አይደለም፤ አዋጁ አይመለከተውም» የሚል ሰው ቢመጣ አይደናገጡ። አዋጁ ሲወጣ አንደኛ ደረጃ የሚባለው እስከ 8ኛ ክፍል ያለው ነበር። ይህን በትህትና ያስረዱ።

«ካምፕ ብቻ» የሚለው ወሬ ከየት መጣ ቢሉ፣ ብዙው ስደተኛ ለዓመታት የኖረውም የተማረውም ካምፕ ውስጥ በመሆኑ ነው። ኤርትራውያን ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ ከካምፕ ውጭ እንዲኖሩ የሚፈቅድ አሠራር ስለመጣላቸው፣ በከተማ ትምህርት ቤቶች ብዙም እንግዳ አይደሉም። ሱዳናውያን ግን በብዛት የመጡት ጦርነቱ ከፈነዳበት ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ቢያመነቱ ሁልጊዜ ክፋት አይደለም። እንዲህ ያለ ተማሪ ገጥሟቸው ላያውቅ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ሳልሸፍን ልናገር። የመማር መብትና አዳማ የመኖር ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጆቹ ትምህርት ቤት መግባታቸው የእናትየዋን የመኖሪያ ጉዳይ አይፈታም። በመተማ ወይም በኩርሙክ በኩል ገብታ ካምፕ ውስጥ ተመዝግባ ከሆነ፣ ከካምፕ ውጭ ለመኖር የተሰጣት ወረቀት ምን እንደሚል፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ ይጠይቋት። ከነጭራሹ ሳትመዘገብ ከቀረች ከሁሉም በፊት የሚደረገው ይህ ነው። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ነው። የልጆቹ ስም በቤተሰቡ ማረጋገጫ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ መኖሩንም ያረጋግጡ። እዚህ አገር የተወለደ ሕፃን ቢኖር ደግሞ ስደተኞች ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ልደት ማስመዝገብ ይችላሉ።

አሁን ወደ መልቀቂያው። መልቀቂያ አንድ ተማሪ ከአንድ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር የሚጠየቅ ወረቀት ነው። የተዘጋ፣ ምናልባትም የፈረሰ የካርቱም ትምህርት ቤት መልቀቂያ እንዲልክ መጠበቅ ልጁን አትማር ከማለት አይለይም። ወረቀት ለሌለው ልጅ መፍትሔው የመመደቢያ ፈተና ነው። ልጁን ፈትነው፣ ዕድሜውንና እናቱ የምትለውን አይተው የሚገባውን ክፍል ይወስናሉ። ስለዚህ ተመልሰው ሲሄዱ «ተቀበሉልኝ» ብለው አይለምኑ። «መልቀቂያ ሊመጣ ከማይችልበት አገር ስለመጡ በመመደቢያ ፈተና ይመደቡልን» ይበሉ። ጥያቄው ግልጽ ሲሆን መልሱም ግልጽ ይሆናል።

ይህን ጊዜ እናትየዋ ራሷ ከእርስዎ ጋር ትሂድ። ባለፈው ብቻዎን ልጆቹን ይዘው ከሄዱ፣ ርዕሰ መምህሩ ያዩት የሰው ልጆች ይዞ የመጣ ጎረቤት ነው። መጠራጠራቸው አይፈረድባቸውም። የስደተኝነት ወይም የጥገኝነት ጠያቂነት ማረጋገጫዋን ከነኮፒው፣ የልጆቹን ጉርድ ፎቶ፣ ካለ የክትባት ካርድ ትያዝ። ስልኳንም በደንብ እንድትፈትሽ ይንገሯት። ብዙ ሰው ወረቀቱን ጥሎ ቢሸሽም ፎቶው ስልኩ ውስጥ ይገኛል፤ የሪፖርት ካርድ፣ ልጁ ዩኒፎርም ለብሶ የተነሳው ምስል፣ ከመምህሩ ጋር የተላላኩት የዋትስአፕ መልእክት። ሕጋዊ ሰርተፊኬት አይተካም፤ ርዕሰ መምህሩ «ይህ ልጅ በእርግጥ ሰባተኛ ነበር» ብለው እንዲያምኑ ግን ይረዳል።

እንደገና «አይሆንም» ከተባሉ እዚያው አይጨቃጨቁ። ያልተቀበሉበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጡዎት በጨዋ ደንብ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ ብቻውን ነገሩን ያለሰልሰዋል። ካልሆነ ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ከተማው ይሂዱ። በስደተኞች አገልግሎትና በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በኩልም እናትየዋ አቤት ማለት ትችላለች። እግረ መንገዴን፦ «የሱዳን ሰርተፊኬት አስተካክዬ አመጣለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉበት። ገንዘቡ መበላቱ ሳያንስ፣ የተጭበረበረ ወረቀት አንዴ ፋይል ውስጥ ከገባ እውነተኛውም አይታመንም።

ስንተኛ ክፍል? «ሁሉም ከአንደኛ ይጀምሩ» የሚለውን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። የ14 ዓመት ልጅ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ቁጭ ሲል ቋንቋ አይማርም፤ ማፈር ነው የሚማረው። በሁለተኛው ወር ይቀራል። ደንቡ ይህ ነው፦ ልጅ በተቻለ መጠን ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ይሁን፤ ዝቅ ቢል በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ክፍል።

ለትልቁ ልጅ የምመክረው ሰባተኛን ነው። «ዕድሜው ለስምንተኛ ይደርሳል» የሚል ቢኖርም አልስማማም። ስምንተኛ ላይ የክልል ፈተና አለ። ፊደሉን ገና በሚለይበት ዓመት የታሪክና የሳይንስ ጥያቄ በዚያው ቋንቋ ማንበብ ይኖርበታል። ሰባተኛ ከገባ እስከ ፈተናው ሁለት ዓመት ያገኛል፤ ያቋረጠውም እዚያው ላይ ነው። ለመካከለኛዋ ሁለተኛ ክፍል ይሻላል። ፊደል ገና የሚጠናከርበት ክፍል ስለሆነ ብቻዋን ወደኋላ አትቀርም፤ ቁመቷም ከልጆቹ ብዙ አይለይም። ትንሹ ኦ ክፍል ይግባ። የእሱ ነገር ቀላል ነው፤ እንደ ሌሎቹ ሕፃናት ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል፤ በዓመቱ መጨረሻ አማርኛ አስተርጓሚያችሁ እሱ ይሆናል።

የመመደቢያ ፈተናው ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ከተፈተነ የሚለካው ቋንቋው እንጂ ዕውቀቱ አይደለም። ሒሳብ ይፈተን፤ በቃላት የተጻፈ ሳይሆን በቁጥር ብቻ። ፈታኙ ግን አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በአረብኛ የተማረ የሱዳን ልጅ ቁጥር የሚጽፈው እኛ በምንጽፍበት መልክ አይደለም። የእነሱ አምስት ክብ ናት፤ የእኛን ዜሮ ትመስላለች። ዜሯቸው ደግሞ ነጥብ ብቻ ናት። ስድስታቸው የእኛን ሰባት ትመስላለች። አንድ ደብተር ላይ ያየሁትን ልንገርዎት። ጥያቄው 25 ሲባዛ በ2 ነው። ልጁ በትክክል 50 ብሎ መልሷል፤ በእነሱ አጻጻፍ አንድ ክብና አንድ ነጥብ። መምህሩ ዜሮና ነጥብ ብቻ መስሎት በቀይ ኤክስ አድርጎበታል። ገጹ በሙሉ እንደዚያ ነበር። ልጁ ሒሳብ ጎበዝ ነው፤ ደብተሩ ግን ሰነፍ ይለዋል። የአልጀብራ እኩልታም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚጽፉት። ይህን ለማስተካከል ረጅም ጊዜ አይፈጅም። ከፈተናው በፊት ባሉት ቀናት ልጅዎ ከእሱ ጋር ቁጭ ብላ ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች በሁለቱም አጻጻፍ ጎን ለጎን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ኮፒ አድርገው ለፈታኙም ይስጡት።

ቋንቋው ከሁሉም የከበደው ውሳኔ ነው። አዳማ ኦሮሚያ ውስጥ ናት። በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ትምህርቱ ለሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ሰዎች ይህን ጥያቄ ወደ ሌላ ነገር ሲወስዱት አያለሁ። ለእነዚህ ልጆች ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ማታ ደብተሩን ከፍቶ የሚያስጠናቸው ሰው በየትኛው ቋንቋ ነው የሚያስጠናቸው? እናታቸው ሁለቱንም አታውቅም። ግቢ ውስጥ ያለው ሰው እርስዎና ልጅዎ ናችሁ፤ ልጅዎም እዚያው ትምህርት ቤት ናት። ስለዚህ ልጅዎ በምትማርበት ቋንቋ፣ በዚያው ትምህርት ቤት፣ ሦስቱም አንድ ላይ ይግቡ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ፣ አንዱ የተማረውን ለሌላው ይነግራል። ልጆቹን በተለያየ ቋንቋ ማከፋፈል ቤቱን ያደክመዋል።

እዚያ ቦታ ሞልቶ ሌላው ክፍት ቢሆንስ? ክፍት ወደሆነው ይግቡ። «የአማርኛው ቦታ እስኪገኝ» ብሎ አንድ ዓመት መጠበቅ ትልቅ ስህተት ነው። እንዲያውም ትልቁ ልጅ ቁቤን ማንበብ ቶሎ ሊጀምር ይችላል። ሱዳን ውስጥ እንግሊዝኛ ስለተማረ የላቲን ፊደል ያውቃል። የአማርኛው ፊደል ግን ከ200 በላይ ምልክት ስላለው ከባዶ ነው የሚጀምረው። አንዱን ቢመርጡም ሌላውን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት መማራቸው አይቀርም።

ኤርትራውያን ተከራይ ያላችሁ አንባቢዎች ይህ ክፍል ትንሽ ይለይባችኋል። ትግርኛ የሚጻፈው በዚሁ በግዕዝ ፊደል ስለሆነ ልጆቻቸው አማርኛ ማንበብ ብዙ አይከብዳቸውም። የእነሱ ችግር የሚጎላው ከፍ ባለው ክፍል ነው። ኤርትራ ውስጥ 12ኛ ክፍል የሚማሩት ሳዋ በሚገኘው የወታደራዊ ማሠልጠኛ ነው። ብዙው ወጣት ደግሞ የሚሸሸው ከዚያ በፊት ወይም ከዚያው ስለሆነ ሙሉ ማስረጃ ይዞ የሚመጣ ጥቂት ነው።

እናትየዋ ከልጆቿ ጋር የምታወራበትን ቋንቋ እንዳትተው ይምከሯት። «አማርኛ እንዲለምዱ አረብኛ አታውሪያቸው» የሚል ምክር ሰምታ ይሆናል። ትክክል አይደለም። በአፍ መፍቻው አሳምሮ የሚያነብ ልጅ ሁለተኛውን ቋንቋ በፍጥነት ያነባል። መካከለኛዋ ልጅ በአንደኛ ክፍል የጀመረችውን የአረብኛ ንባብ እቤት በቀን ጥቂት ደቂቃ ብትቀጥል ይጠቅማታል እንጂ አይጎዳትም።

ካናዳን በተመለከተ፣ እናትየዋን ተስፋ ማስቆረጥ የእርስዎም የእኔም ሥራ አይደለም። እውነቱን ማወቅ ግን አለባት። በዓለም ላይ ካሉት ስደተኞች በየዓመቱ ወደ ሦስተኛ አገር የሚወሰዱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ጉዳዩ የተጀመረለት ቤተሰብም ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። ደግሞ ዕድሉ መጣ እንበል። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «መጨረሻ የተማረው ስንተኛ ክፍል ነው?» የሚል ነው። አዳማ ሰባተኛና ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ የሚያሳየው ሪፖርት ካርድ አለው። አራት ዓመት ቤት የተቀመጠ ልጅ እንግሊዝኛ ቢያውቅም ሒሳቡ፣ ሳይንሱና ክፍል ውስጥ የመቀመጥ ልማዱ አምልጦታል። በየትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ስለሚሰጥ የምትፈልገውንም አታጣም። ለትልቁ ልጅ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተጨማሪ እንግሊዝኛ ማስጠናት ከቻለች ግሩም ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ የሚያድነው እሱ ነው።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን አንድ ነገር ልጨምር። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ልጆችን የምታስቀጣ ግን እሷ ናት። ትምህርት ቤቱ «ሁለት ሰዓት ላይ ይድረሱ» ሲል እኛ የሚገባን ጠዋት ነው። የሱዳን እናት ስልኳን አይታ የምትረዳው ከምሳ በኋላ ነው። «ሰባት ሰዓት ይለቀቃሉ» ሲባልም እንደዚያው። ከዚያ ሱዳን ውስጥ የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ ትምህርት የሚጀምረው እሑድ ነው። እኛ ዘንድ ዓርብ ትምህርት አለ። ወሩና ቀኑም ሌላ ነው፤ «መስከረም 7» ሲባል የትኛው ቀን እንደሆነ ስልኳ አይነግራትም። ስለዚህ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱን በእሷ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፈው በሯ ላይ ይለጥፉላት። ከትምህርት ቤት የሚመጣውን የመገናኛ ደብተር ማታ ማታ አብራችሁ እዩት። የክፍሉ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ካለ እሷም ትግባበት። መልእክቱን ማንበብ ባትችል በድምፅ ያስተላልፉላት።

የልጆቹ ጠባይ ይለወጣል፤ ተዘጋጁ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ጨርሶ የማይናገር ልጅ አለ። መምህራን «ችግር አለበት፣ አይሰማም» ይላሉ። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ ዝም ብሎ የሚያዳምጥበት ጊዜ የተለመደ ነው። አያስጨንቁት፤ «በል ተናገር» እያሉ ሰው ፊት አያቁሙት። የጨዋታ አማርኛ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ይመጣል። የትምህርት ቋንቋ፣ ማለትም የመጽሐፍና የፈተናው፣ አምስትና ከዚያ በላይ ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ልጁ ሰፈር ውስጥ እንደ አዳማ ልጅ ሲያወራ ሰምተው «አሁንማ ለምን ፈተና ይወድቃል?» እንዳይሉት።

ከጦርነት የመጣ ልጅ ጎማ ሲፈነዳ፣ ትራንስፎርመር ሲጮህ፣ ለበዓል ርችት ሲተኮስ ሊደነግጥ ይችላል። በሩ የሚታይበት ቦታ ካልተቀመጠ የማይረጋጋ አለ። የክፍል ኃላፊው መምህር ይህን ይወቅ፤ የልጁን ታሪክ ግን ለክፍሉ ማውራት የለበትም። «ስለ ጦርነቱ ንገረን» የሚል መምህር ልጁን ያስከብረዋል ብሎ ቢያስብም ቁስሉን ነው የሚነካው። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ በየቀኑ የሚጣላ ወይም ራሱን ስለ መጉዳት የሚያወራ ከሆነ ግን ትዕግሥት ብቻ አይበቃም። ጤና ተቋም መታየት አለበት። ትልቁ ልጅ ቀን ቀን የት እንደሚውልም ይጠይቁ። በዚህ ዕድሜ ያለ የበኩር ልጅ የቤት ኪራይ እያሰበ ሱቅ ወይም መኪና እጥበት ይገባል። ሥራ ላይ ከሆነ ሙሉ ቀን ከመቅረት ይልቅ ከትምህርት ቤቱ ፈረቃ ጋር የሚስማማ ነገር ከእናቱ ጋር ተነጋገሩ።

ገንዘቡንም እናንሳው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የትምህርት ክፍያ የለውም። ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ አንዳንዴም የወላጅ መዋጮ አለ። እነዚህን በአንድ ጊዜ ለሦስት ልጆች መግዛት ለእሷ ከባድ ነው። ዩኒፎርም ስላልተሟላ ከበር እንዳይመለሱ የተወሰነ ጊዜ እንዲሰጣቸው ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። የግል ትምህርት ቤት የሚያስገባ በጎ አድራጊ ቢገኝም ጠንቀቅ ይበሉ። ክፍያው በዓመቱ መሃል ቢቋረጥ ልጆቹ እንደገና ይፈናቀላሉ። የማይቋረጠውን ይምረጡ።

ወደ ትልቁ ልጅ ልመለስ፤ ቅድም ያልኩት ገደብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስምንተኛን ካለፈ በኋላ ዘጠነኛ ክፍል መግባቱ በሕግ ፊት እንደ አንደኛ ደረጃው የተረጋገጠ አይደለም። በተግባር ግን የኢትዮጵያን 8ኛ ክፍል ፈተና በገዛ ስሙ ያለፈ ስደተኛ ተማሪ፣ ወረቀት ሳይኖረው በቀጥታ ዘጠነኛ ልግባ ከሚል ልጅ እጅግ የተሻለ አቋም አለው። ማስረጃው የዚሁ አገር ማስረጃ ነውና ማንም «ይተርጎም፣ አቻ ግምት ይሠራ» አይለውም። ከ12ኛ በኋላ ደግሞ እንደ ዳፊ ያሉ ለስደተኞች የተዘጋጁ የነፃ ትምህርት ዕድሎች አሉ። ዳፊ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ ነው። ቦታው ጥቂት፣ ውድድሩ ብዙ ነው፤ የሚጠይቀውም የተሟላ የትምህርት ማስረጃ ነው። ዛሬ ስሙን በትክክል ማስጻፍ ለምን ግድ እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

በስሙ ነገር አንድ ተግባራዊ ምክር። የሱዳን ሰው ስም አራት ትውልድ ይቆጥራል፤ እኛ ሦስት እንጽፋለን። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ መሐመድ የሚለው ብቻ አራት አምስት ዓይነት አጻጻፍ አለው። ሲመዘገቡ የስደተኝነት ማረጋገጫው ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይገልብጡ። መዝጋቢው በጆሮው ሰምቶ እንዲጽፍ አይተዉት። የልደት ቀንም እንዲሁ፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን በትክክል ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር አስልተው ይሙሉ፤ በግምት አይሁን። የመጀመሪያው ሪፖርት ካርድ ሲሰጥ ስሙን ያረጋግጡ። በየሴሚስተሩም ፎቶ ያንሱት።

እርስዎ እስከ ምን ድረስ ይግቡበት? አስተርጓሚ ይሁኑ፣ የአደጋ ጊዜ ስልክ ሆነው ይመዝገቡ፣ ልጅዎ አስጠኚ ትሁን። ወላጅ ተብሎ የሚፈርመው ግን እናትየዋ ናት። የወላጆች ስብሰባም እሷ ትሂድ፤ ባይገባትም ትቀመጥ፣ መምህራኑ ፊቷን ይወቁት። ልጆቹ ሲያጠፉ የምትጠራውም እሷ ትሁን። ነገ ቤት ቀይራ ሌላ ሰፈር ብትሄድ ወይም እርስዎ ቤቱን ለሌላ ብታከራዩ ትምህርቱ በእርስዎ ላይ የተንጠለጠለ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ምዝገባው ሳይዘጋ በዚህ ሳምንት እናትየዋን ይዘው ወደ ርዕሰ መምህሩ ይመለሱ። ትልቁ ሰባተኛ፣ መካከለኛዋ ሁለተኛ፣ ትንሹ ኦ ክፍል፤ በራሳቸው ስም፣ በመመደቢያ ፈተና። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ዝቅ ካደረጋቸው ይቀበሉ። ሦስትና አራት ክፍል ዝቅ ካደረጋቸው ግን አይቀበሉ፤ ወደ ክፍለ ከተማው ይሂዱ። ወደ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ሳይወጡ መልቀቂያና ትራንስክሪፕት ማህተም አስመትተው ይውሰዱ። ኦሪጅናሉ ከእናትየዋ፣ ኮፒው ከእርስዎ ዘንድ ይቀመጥ።